እማዬ ጠዋት ማታ እየቦረሸች ጥርሷ ይነቃነቃል፣ አባዬ ግን ምንም አልሆነም። ለምንድን ነው?

የቱሉዲምቱ_ልጅ

ሰላም ለሁላችሁም። ጽሑፌ ትንሽ ይረዝማል፣ ግን ጨርሳችሁ አንብቡልኝ።

የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። እማዬ 57 ዓመቷ ነው፣ ስኳር እንዳለባት ካወቀች ስምንት ዓመት ሆኗታል። ድዷ መድማት ከጀመረ ቆይቷል። ዳቦ ስትገምጥ ዳቦው ላይ ደም ታያለች፣ በውሃ ትጉመጠመጥና ትተወዋለች። ስለማያማት ለማንም አልነገረችም። ባለፈው ወር ግን ቆሎ ስትቆረጥም አንዱ የታች የፊት ጥርሷ ተነቃነቀባት፣ አሁን ደግሞ ከጎኑ ያለውም ጀምሮታል። የነገረችን ያኔ ነው።

የሚገርመኝ አባዬ ነው። 64 ዓመቱ ነው፣ የጥርስ ብሩሽ አይወድም። ዕድሜውን ሙሉ በወይራ መፋቂያ ነው የኖረው፣ እሱንም ሲያስታውስ። ጥርሱ ላይ የተጋገረው ነገር ከሩቅ ይታያል። ግን አንድም ጥርሱ አይነቃነቅም፣ አጥንት ይቆረጥማል። እማዬ ደግሞ ጠዋትና ማታ ትቦርሻለች፣ ውሃ በጠፋበት ቀን እንኳን ከጀሪካን ቀድታ።

ይዣት አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ራጅ ተነሳች፣ አጥንቱ ተበልቷል አሉን። ከዚያ "አጥንቱን የሚበላው ባክቴሪያው ሳይሆን የራሳቸው የሰውነት መከላከያ ነው" ብለው፣ ወረፋው ረጅም ስለነበር ሳያብራሩልን ሸኙን። እማዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ "የገዛ ሰውነቴ ከዳኝ" እያለች ትተክዛለች። ይሄን ስትል አንጀቴን ትበላዋለች።

ባክቴሪያው ነው ወይስ ሰውነቷ? አንዷ ጎረቤታችን "መከላከያዋ ደክሞ ነው፣ ነጭ ሽንኩርት በማር ስጫት" ትላለች። ሌላዋ አሞክሳሲሊን ገዝቼ እንዳስውጣት ነገረችኝ። ግን የሚጎዳት መከላከያዋ ራሱ ከሆነ፣ እሱን ማጠንከር እሳት ላይ ቤንዚን መድፋት አይሆንም?


ኮዬ_ፈጬ_እናት

የኔ እህት፣ እግዜር ይማርልሽ። ስለ ሳይንሱ የሚያውቁት ይነግሩሻል፣ እኔ የደረሰብኝን ልንገርሽ። እኔም ድዴ ሲደማ ለብ ባለ ውሃ ጨው አድርጌ እጉመጠመጥ ነበር። ይሻለኛል፣ እብጠቱም ይቀንሳል። ስለሚሻለኝ ሁለት ዓመት ዝም አልኩ። አላመመኝም እኮ! ግን ውስጥ ውስጡን ሥራውን እየሠራ ነበር፣ ሦስት ጥርስ ከተነቀለልኝ በኋላ ነው የገባኝ። ስለማያማቸው እንዳትዘናጊ።


ጥርስ_ሐኪም_ሰበታ

ሰላም እህቴ። መጀመሪያ እናትሽን አጽናኝልኝ። ሰውነታቸው አልከዳቸውም። ሊጨርሰው የማይችለው ጦርነት ውስጥ ገብቶ ነው የቀረው። ክሊኒኩ የነገረሽ ትክክል ነው፣ ግን ግማሹን ብቻ ነው የነገሩሽ።

ቆዳችን በየጊዜው ስለሚረግፍ ላዩ ላይ የተጣበቀ ባክቴሪያ አብሮ ይረግፋል። ጥርስ ግን አይረግፍም። ድዱና ጥርሱ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ በጥፍር ስትፍቂው የሚወጣ ለስላሳ ነጣ ያለ ነገር አለ አይደል? እሱ የምግብ ትራፊ አይደለም፣ እርስ በርሱ ተጣብቆ የሚኖር የባክቴሪያ ሰፈር ነው። ሳይነካ ሲቆይ ይጠነክርና ድንጋይ ይሆናል፣ ወደ ድዱ ሥርም ይወርዳል። ሰውነት እዚያ ድረስ ወታደር መላክ ይችላል፣ ሰፈሩን ነቅሎ መጣል ግን አይችልም።

ወታደሮቹ የሚጠሩት በመልእክት ነው። የድድ ሴሎች ባክቴሪያ ሲነካቸው ሳይቶካይን የሚባሉ ጥቃቅን ፕሮቲኖች ይለቃሉ። ኢንተርሉኪን 8 የሚባለው ኒውትሮፊል የተባሉትን ነጭ የደም ሴሎች "በዚህ በኩል ኑ" ብሎ መንገድ ያሳያቸዋል። ኢንተርሉኪን 1 እና ቲኤንኤፍ ደግሞ የደም ሥሮቹ እንዲሰፉ፣ ግድግዳቸውም ሴል እንዲያሳልፍ ያደርጋሉ። ድዱ የሚቀላው፣ የሚያብጠውና ሲነካ የሚደማው በዚህ ነው። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ጤነኛ ነው፣ የሁላችንም ድድ በየቀኑ በትንሹ የሚያደርገው ነው። በዚህ ደረጃ ከተጸዳ አንድም አጥንት ሳይነካ ይድናል።

ችግሩ መልእክቱ ሳያቋርጥ ሲቀር ነው። ወራትና ዓመታት ሲቆይ ሌሎች ነጭ የደም ሴሎች፣ ቲ እና ቢ የሚባሉት፣ ድዱ ውስጥ ይሰፍራሉ። እነሱ ራንክኤል የሚባል ሌላ መልእክት ያመነጫሉ። ይሄኛው የሚደርሰው ለአጥንት ነው። አጥንታችን ሁልጊዜ በአንድ በኩል ይፈርሳል፣ በሌላ በኩል ይገነባል። ራንክኤል አፍራሾቹን ሴሎች ያበዛል፣ ያነቃቸዋልም። እሱን ይዞ የሚያስቀር ኦስቲዮፕሮቴጀሪን የሚባል ሌላ ፕሮቲን አለ። ሁለቱ ሲመጣጠኑ አጥንቱ ባለበት ይቆያል። ራንክኤል ሲበዛ ግንባታው ፍርሻውን መከተል ያቅተዋል፣ ጥርሱን የያዘው አጥንት ዝቅ ይላል፣ ጥርሱም ይነቃነቃል። ባክቴሪያው አጥንቱን በጥርሱ አልገመጠውም፣ ያፈረሱት የእናትሽ የራሳቸው ሴሎች ናቸው። ትእዛዙ ግን እንዲወጣ ያደረገው ያ ሰፈር ነው። ሰፈሩ ሲነሳ ትእዛዙም ይቀንሳል።

ስለዚህ አሞክሳሲሊን ብቻውን አይሆንም። መድኃኒቱ ተጣብቆ የተጋገረው ሰፈር ውስጥ በደንብ አይዘልቅም፣ ድንጋዩንም አያነሳም። ለጥቂት ቀን ሻል ይላቸዋል፣ ከዚያ ይመለሳል። ነጭ ሽንኩርት ድድ ላይ ሲደረግ ያቃጥላል፣ ማሩ ደግሞ ለስኳራቸው አይሆንም። የሚያስፈልጋቸው ከድድ ሥር በደንብ መታጠብ ነው። ሰው "ጥርስ ማሳጠብ" ሲባል ለማስነጣት ይመስለዋል። ይሄኛው ሌላ ነው፣ በማደንዘዣ ሥሩ ድረስ ተገብቶ ነው የሚጸዳው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ድዳቸው ተነቅሷል?


የቱሉዲምቱ_ልጅ

ዶክተር እግዜር ይስጥልኝ። እንዲህ አድርጎ የነገረኝ ሰው የለም።

አዎ፣ ተነቅሳለች። ጎጃም ነው ያደገችው፣ በልጅነቷ ነው የነቀሷት። ለጌጥም ነው፣ ድድም ያጠነክራል ይባል ነበር። ለምን ጠየቅከኝ?

ደግሞ አንድ ያልገባኝ አለ። መልእክቶቹ ናቸው አጥንቱን የሚያስፈርሱት ካልክ፣ እነሱን የሚያቆም መድኃኒት የለም ወይ? ለምን ዝም አናሰኛቸውም?


ጥርስ_ሐኪም_ሰበታ

የጠየቅኩሽ በምክንያት ነው። የተነቀሰ ድድ ጥቁር ሰማያዊ ስለሆነ ሲቀላ አይታይም። ድዳቸው ሲቆጣ መስታወት ፊት ቆመው ሊያዩት አይችሉም ነበር። ለእሳቸው ምልክቱ ደሙ ብቻ ነው፣ እሱን ደግሞ ታጥበው ተዉት። በዚህ አትውቀሻቸው፣ ብዙ እናቶች እንደዚህ ዘግይተው ነው የሚመጡልኝ። የሚያጨስ ሰው ደግሞ በተቃራኒው ደሙም አይታይም፣ ሲጋራው መድማቱን ስለሚቀንሰው።

ሁለተኛውን ጥያቄ ከእኔ የተሻለ የሚመልስልሽ እዚህ አለ ብዬ አስባለሁ፣ አንድ የላብራቶሪ ልጅ ነበረ።


ቡራዩ_ላብ

አለሁ ዶክተር። ኢሚዩኖሎጂ፣ ማለት የሰውነት መከላከያን ሳይንስ ነው የማጠናው፣ ሁለተኛ ዲግሪ። ይሄ ጥያቄ በጣም ነው የምወደው ስለዚህ ብረዝም አትፍረዱብኝ።

እነዚህ መልእክቶች አጥንት እንደሚያስፈርሱ የታወቀው ራሱ ከጥርስ ጋር በተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ተመራማሪዎች የሰው ነጭ የደም ሴሎችን ወስደው ከጥርስ ላይ በተፋቀ ቆሻሻ ቀሰቀሷቸው። ከዚያ ሴሎቹ የተቀመጡበትን ፈሳሽ ብቻ አጥንት ላይ ሲያደርጉት አጥንቱ መሟሟት ጀመረ። ባክቴሪያውም ሴሉም በሌለበት፣ ፈሳሹ ብቻውን። በኋላ ላይ ፈሳሹ ውስጥ ካሉት ዋናው ኢንተርሉኪን 1 ሆኖ ተገኘ። እኔ ይሄን ስማር ነው የትምህርት ክፍሌን የወደድኩት።

ማቆም ይቻላል ወይ ላልሽው፣ በጦጣዎች ላይ ተሞክሯል። የድድ በሽታ እንዲይዛቸው ተደርጎ ኢንተርሉኪን 1ን እና ቲኤንኤፍን የሚያግድ ነገር ሲሰጣቸው የሚጠፋው አጥንት በ60 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ጥሩ ይመስላል። ግን ቲኤንኤፍ ድድ ውስጥ ብቻ አይደለም የሚሠራው። ሳንባ ውስጥ ተኝቶ የቆየ ቲቢ እንዳይነሳ ጠፍንጎ የሚይዘው እሱ ነው። ቲኤንኤፍ የሚያግዱ መድኃኒቶች ለሌላ በሽታ ይሰጣሉ፣ ከመሰጠታቸው በፊት ግን ሰውየው ቲቢ እንዳለበት ይመረመራል። በእኛ አገር ይሄ ቀልድ አይደለም። ለድድ ተብሎ ያንን በር መክፈት አያዋጣም።

ደግሞ መከላከያ ሲደክምም አጥንት ይጠፋል። ከስንት አንድ የሚገኝ በዘር የሚመጣ በሽታ አለ፣ ኒውትሮፊሎቹ ከደም ሥር ወጥተው ወደ ድድ መግባት አይችሉም። "ወታደር ከሌለ ጦርነት የለም" ትያለሽ አይደል? እነዚህ ልጆች ጥርሳቸውን ገና በልጅነታቸው ያጣሉ። ኒውትሮፊሎቹ ሥራቸውን ጨርሰው ሲሞቱ "በቃ፣ ደርሰናል" የሚል መልእክት እንዲተላለፍ ያደርጋሉ። እነሱ ካልደረሱ ጥሪው አይቆምም፣ ኢንተርሉኪን 17 የሚባለው ያለ ልክ ይጨምራል፣ እሱ ደግሞ ራንክኤልን ያስነሳል። ስለዚህ ጎረቤቶችሽ "ማጠንከር" ሲሉ አንቺ ደግሞ "ማድከም" ስትይ ሁለታችሁም ነገሩን እንደ ጉልበት ነው የምታዩት። ጉዳዩ የመመጣጠን ነው። አስነሺ መልእክቶች አሉ፣ እንደ ኢንተርሉኪን 10 ያሉ አብራጆችም አሉ። ድድ የሚድነው ሁለቱም በጊዜያቸው ሲመጡ ነው።

ወደ ባክቴሪያው ልመለስ፣ ምክንያቱም እሱም የዋህ አይደለም። ፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስ የሚባል አለ። ይሄ ባክቴሪያ የድድ ሴሎች ኢንተርሉኪን 8 እንዳይለቁ ያፍናል። መንገድ የሚያሳየው መልእክት ሲጠፋ ኒውትሮፊሎቹ አቅጣጫ ይጠፋባቸዋል። በዚያ ላይ ፕሮቲን የሚቆርጡ ኢንዛይሞች አሉት፣ በእነሱ መልእክቶቹን ይበጣጥሳል። ግን መቆጣቱን ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም፣ ቢያጠፋው ይጎዳዋል። ለምን? ምግቡ ስለሆነ! የሚያስፈልገውን ብረት የሚያገኘው ከደም ነው፣ የሚበላውም የተሰባበረ የድድ ፕሮቲን ነው። ድዱ ሲደማ እሱ ይጠግባል። በዚያ ሁካታ መሀል አጠገቡ ያሉት ሌሎች ባክቴሪያዎችም ይባዛሉ።

በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ የአይጥ ጥናት አለ። ይሄ ባክቴሪያ አፋቸው ውስጥ ካሉት ሁሉ ከ0.01 በመቶ በታች ሆኖ እንኳን አጥንት አስጠፋ። ምንም ሌላ ባክቴሪያ በሌላቸው አይጦች ውስጥ ብቻውን ሲገባ ግን አላስጠፋም። በቁጥር ትንሽ ነው፣ ግን የሰፈሩን ጠባይ ይቀይራል።

አሁን አባትሽ። እ.ኤ.አ. ከ1970 እስከ 1985 ስሪላንካ ውስጥ በሻይ እርሻ የሚሠሩ 480 ወንዶች ተጠንተው ነበር። አይቦርሹም፣ የጥርስ ሕክምናም አልነበራቸውም። ሁሉም ጥርሳቸው ላይ የተጋገረ ነገር ነበረባቸው፣ ድዳቸውም የተቆጣ ነበር። ግን 8 በመቶው በፍጥነት ጥርሳቸውን አጡ፣ 81 በመቶው ቀስ እያለ ተጎዳ፣ 11 በመቶው ደግሞ ከድድ መቆጣት አላለፈም። ሥራቸውና ኑሯቸው አንድ፣ ቆሻሻው አንድ፣ የሰውነታቸው መልስ ግን ሦስት ዓይነት። አባትሽ ከነዚያ 11 በመቶዎቹ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ቀስ ብሎ የሚሄድበት ሊሆን ይችላል። ሳይለካ አይታወቅም።


ለገጣፎ_ስኳር_ያለበት

ወገኖቼ፣ ስኳሩን ለምን ዘለላችሁት? እኔ የማየው ዋናው እሱ ነው። ስኳር ካለብኝ 11 ዓመቴ ነው። ድዴ እንደ እናትሽ ይደማ ነበር፣ ስኳሬም መድኃኒቴን ሳላጓድል እየወሰድኩ አልወርድ አለ። በመጨረሻ አንዲት ነርስ "አፍህን ታይተህ ታውቃለህ?" አለችኝ። ታጠብኩ፣ በአራት ቀጠሮ ነው የጨረሱልኝ። ከሦስት ወር በኋላ የሦስት ወሩ የስኳር ምርመራ ከ8.9 ወደ 8.2 ወረደ። መድኃኒት ትንሽ ጨምረውልኝ ነበር፣ ቢሆንም።

ውሃን በተመለከተ፣ እኛም ሰፈር በፈረቃ ነው። አንድ ብርጭቆ ውሃ ለአንድ መቦረሽ ይበቃል። መጀመሪያ ብሩሹን ብቻ ታርሱታላችሁ፣ ሲያልቅ አረፋውን መትፋት ነው፣ ብዙ መታጠብ አያስፈልገውም።


ጥርስ_ሐኪም_ሰበታ

ጥሩ አነሳህ ወንድሜ፣ እኔም ልመለስበት ነበር። ስኳር ሲበዛ ደም ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖች ላይ ይጣበቃል። እነዚህ ስኳር የተጣበቀባቸው ፕሮቲኖች ነጭ የደም ሴሎችን ሲነኩ፣ ሴሎቹ ያንኑ ኢንተርሉኪን 1 እና ቲኤንኤፍ ከልክ በላይ ይለቃሉ። ማለት ለተመሳሳይ ባክቴሪያ የእናትሽ ድድ የሚጮኸው ጩኸት ከአባትሽ ይበልጣል። ያን ያህል ተግተው እየቦረሹ የተጎዱት ለዚህ ይመስለኛል። ቁስሉም በቶሎ አይጠግግም። በሌላ በኩል ከድዱ ወደ ደም የሚገባው መልእክት ኢንሱሊን በደንብ እንዳይሠራ ያደርጋል። አንዱ አንዱን ያባብሳል።

ያንተ 0.7 ያስደስታል፣ ግን የተጨመረልህ መድኃኒት ድርሻ አለበት። ብዙ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ ከድድ ሕክምና በኋላ ባሉት ሦስት አራት ወራት የሚወርደው በአማካይ 0.4 ገደማ ነው። ትንሽ አይደለም። ግን ታጠብኩ ተብሎ የስኳር ኪኒን አይቀነስም።


የቱሉዲምቱ_ልጅ

ትናንት ማታ ቡና ተፈልቶ ሁሉንም አነበብኩላት። ሻይ የሚለቅሙት ሰዎች ጋ ስደርስ "እንደገና አንብቢልኝ" አለች። ከዚያ ትንሽ ዝም ብላ "እኔ እኮ ሳልጠነቀቅ ቀርቼ ነው ብዬ ነበር" አለችኝ። ለካ ያስተከዛት ይሄ ነበር። እኔ ደግሞ የፈራችው ጥርሱን መስሎኝ።

የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው። የሚነቃነቁት ሁለቱ ይተርፋሉ ወይ? ስትታጠብስ ይወድቃሉ ብላ ፈርታለች፣ ሰው ሁሉ "ድንጋዩ ሲነሳ ጥርስ ይላላል" ይላታል።


ጥርስ_ሐኪም_ሰበታ

የሚባለው ከምን እንደመጣ ይገባኛል። ድንጋዩ ጥርሶቹን እንደ ሲሚንቶ አያይዟቸው ስለሚቆይ ሲነሳ መጀመሪያ ላይ የላሉ ይመስላል። ያላላቸው ግን የጠፋው አጥንት ነው። እብጠቱ ሲቀንስ ድዱ ስለሚሰበሰብ ጥርሱ የረዘመ ይመስላቸዋል፣ ቀዝቃዛ ውሃም ለጥቂት ሳምንት ይነዝራቸዋል። ቀድመሽ ንገሪያቸው፣ አለዚያ ተበላሸብኝ ብለው ይደነግጣሉ።

ይተርፋሉ ወይ ለሚለው ራጁን ሳላይ ቃል አልገባም። ሐኪሙ በቀጭን መለኪያ በእያንዳንዱ ጥርስ ዙሪያ ድዱ ስንት ሚሊሜትር እንደተላቀቀ ይለካል፣ እስከ 3 ጤነኛ ነው። ካልለካላችሁ ጠይቁት፣ መብታችሁ ነው። የሥሩ ግማሽ ያህሉ እንኳን አጥንት ውስጥ ካለ ብዙ ጊዜ ይቆያል፣ ካስፈለገም ከጎረቤቱ ጥርስ ጋር ይታሰራል። የጠፋው አጥንት በአብዛኛው አይመለስም፣ የቀረውን ግን ማቆየት ይቻላል። ከታጠቡ በኋላ በሦስት ወር ውስጥ እንደገና ይለኩ፣ የሚደማው ቦታ መቀነሱን የምታውቂው ያኔ ነው። እስከዚያ ለስላሳ ብሩሽ፣ ድዱና ጥርሱ የሚገናኙበት ጠርዝ ላይ፣ ቢደማም ሳያቆሙ። በጥርስ መሀል የሚገባ ትንሽ ብሩሽ ፋርማሲ ካገኘሽ ግዢላቸው።

አባትሽንም ውሰጂያቸው።


የቱሉዲምቱ_ልጅ

ለማክሰኞ ቀጠሮ ይዣለሁ፣ ቃሊቲ አካባቢ ነው። የድሮውን ራጅ፣ የስኳር ደብተሯንና የመድኃኒቶቿን ስም ይዤ እሄዳለሁ። መለኪያውንም እጠይቃለሁ። አባዬ እስካሁን "እኔን ምን አመመኝ" እያለ ነው፣ ግን እማዬ ብቻዬን አልሄድም ብላዋለች።